የሲስተር ዙፋን ዝውውር

መስከረም 21፣ 1978
ከጧት ጀምሬ መርፌ ስቀቅል ዋልሁ። ሙቀቱ... ያው የመተማ ሙቀት ነው፣ ምን ይባላል። ሰሊጥ አጫጆቹ ከደጋ መግባት ጀምረዋል፣ ወባዋም አብራ። የጤና ጣቢያው በረንዳ ሞልቶ ዛፉ ሥር ተርፈዋል። ነርሷ አንድ፣ ሲስተር ዙፋን ብቻ። እኔ ጽዳት ነኝ፤ መርፌ መቀቀልና ውኃ ማቅረብ እንጂ ሌላ አላውቅ። እሷ ግን አንዱን ትወጋለች፣ ለአንዱ ግሉኮስ ትሰካለች፣ አንዷን ታዋልዳለች። ደግሞ በመሀል ትቀልዳለች! አንድ ጎረምሳ መርፌ ፈርቶ ቢያፈገፍግባት፣
«አንተ፣ ከጊንጥ ጋር የምትተኛ ሰውዬ እኔን ፈራኸኝ?»
በረንዳው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሲስቅ ተወጋ፣ ሳያውቀው።
እንዲህ ያለ እጅ ከየት ይመጣል?

መስከረም 25
ዛሬ ጉድ ሰማሁ። አዛናው የሚሉት የጎጃሞቹ ካቦ፣ አጫጆቹን የሚመራው፣ ባለፈው ኪኒን የወሰደ አጫጅ ልጅ ተሸክሞ መጣ። ልጁ ብሶበታል።
«ኪኒኑን ጨርሷል?» አለችው ሲስተር።
«አዎ፣ ሁላችንም ጨርሰናል።»
«ሁላችሁም ማለት?»
«ተካፈልነዋ! ከአንድ ቀዬ መጥተን፣ ከአንድ ድስት እየበላን፣ እንዴት አርጎ ብቻውን ይዋጠው? ነውር አይደለም?»
ለካ የአንዱን መድኃኒት ለጓደኛ ሁሉ እያደሉት ነው ማንም የማይድነው! ሌላ ሰው ቢሆን በጮኸ። እሷ ፊቷን በጋዎኗ እጅጌ ሸፍና ስቃ ስቃ... «እንግዲያው እዚሁ እኔ ዘንድ ትበሏታላችሁ» አለች። ከነገ ጀምሮ በሽተኛው ጧት ጧት እፊቷ ቆሞ ይውጣል፣ አዛናውም «ዋጠ» ብሎ ይመሰክራል።

ጥቅምት 3
ድነዋል! የአዛናው አጫጆች ማሳ ገብተዋል። እሱም ዶሮ ይዞላት መጣ፤ «ለልጆችህ ሾርባ አርገው» ብላ መለሰችው።
እቃ ስናጥብ፣ «እትየ ባየሽ፣ ተሸክመው ያመጡት ሰው በእግሩ ሲሄድ ሳይ ይኸን ሥራ በምንም አልለውጠውም» አለችኝ። ትሪውን ደፍታ፣ «ግን ደከመኝ።»
እሑድ የላት፣ በዓል የላት። እናቷ ጎንደር ታመዋል። ዝውውር ከጠየቀች ቆየች። እውነቱን ልጻፍ እንጂ... ባይፈቀድላት ደስ ይለኛል። እሷ ሄዳ እኛ ምን ልንሆን?

ጥቅምት 14
እሷም በወባ ተያዘች። እየተንቀጠቀጠች ሰው ትወጋለች። ክንዷን ይዤ «ልጄ፣ ተኚ በሞቴ» ብላት፣
«ማን ሊተካኝ? አንች?» ብላ ሳቀች።
ጋቢዬን አለበስኋትና መርፌ ልቀቅል ሄድሁ።

ጥቅምት 24
የቀበሌ ስብሰባ። ከአውራጃ የመጣው ሹም «ጓድ ዙፋን ኮከብ ሠራተኛ ተብላ ተመርጣለች» ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጣት። ተጨበጨበ። ከዚያ፣ ዝውውሯ ተፈቅዷል፣ ሕዝቡ ከተቃወመ ግን ይቀራል አለ።
«ትቅር! ትቅር!» አዳራሹ ተናጋ። አዛናው ከሁሉ በላይ ይጮሃል። እሷ መሬት መሬት ታያለች።
ምን እንደነካኝ እንጃ... ተነሣሁ።
«ትሂድ» አልሁ።
«ምን አልሽ?» አለ ሹሙ።
«ትሂድ! ትኩሳት ይዟት ስትወጋችሁ አላያችሁም? ወረቀት ከምትሰጧት እሑድን በሰጣችኋት። ከወደድናት እንልቀቃት።»
«ይች አድኃሪ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁብኝ።
ሹሙ ገና ያን ጊዜ ወደሷ ዞረ። «አንችስ ምን ትያለሽ?»
«ሥራዬን እወደዋለሁ ጓድ። ያቃተኝ ብቻዬን መሆኑ ነው። ሁለተኛ ሰው ከሰጣችሁኝ ዓመቱን እዚሁ እጨርሳለሁ።»
«ሰው የለም።»
«እንግዲያው እሄዳለሁ። ከኔ በኋላ የሚመጣውንም ብቻውን አትላኩት።»
ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገች። ኧረ ኮራሁባት!

ኅዳር 2
ሄደች። በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና፣ ጋቢና ውስጥ። አዛናው እቃዋን ጫነላት፣ እኔን ግን ሰላምታ ነሣኝ። ገበያ ላይ «ነርስ አባራሪዋ» ይሉኛል። ይበሉ። አቅፋኝ በጆሮዬ ያለችኝን አልጽፈውም፣ የኔ ነው።

ኅዳር 20
ጤና ጣቢያው ጭር ብሏል። ከገንዳ ውሃ ከተማ አንድ ቁስል አጣቢ ድሬሰር በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል። በሽተኛ ከደጅ ሲመለስ አያለሁ። ተሳሳትሁ እንዴ?
አዛናው ሰው ሰብስቦ ለአቤቱታ ወደ ገንዳ ውሃ ሊወጣ ሲል አገኘሁት። «ምን ልትሉ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣
«ሁለት ነርስ ልንል ነዋ!»

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ
ሁለቱ ነርሶች ከመጡ ሳምንት ሆናቸው፤ ሙሉአለምና ታይቱ ይባላሉ። ዛሬ ተራው የታይቱ ነው። ሙሉአለም ጓሮ ሆኖ በሳፋ ልብሱን እያጠበ ያፏጫል። ነርስ በቀን ቁጭ ብሎ ልብሱን ሲያጥብ እዚህ አገር ታይቶ አያውቅ! ልጆች ቆመው ያዩታል።
አንድ ማሽላ ቆራጭ የቆሰለ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና ቀጥ ብሎ ወደ ሳፋው። አዛናው ትከሻውን ያዘው።
«እረፍቱ ነው፣ አታይም? በዚያኛው በር ግባ!»
ከዚያ ወደኔ ዞረ።
«አይደል እንዴ እትየ ባየሽ?»
ነው አልሁት። ነው እንጂ።