ተሸካሚ የጠራሁበት ፈተና

እሑድ
ፈቀዱልኝ! የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አቶ ጌጡ «አንቺ ከሄድሽ አምቡላንሱ ላይ ማን ሊወጣ ነው?» ሲሉኝ ከርመው፣ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «በይ ተፈተኚ፤ ካለፍሽ ያኔ እንጣላለን» አሉኝ። የደብረ ማርቆሱ የነርሶች ደረጃ ማሻሻያ ትምህርት መግቢያው በፈተና ነው፤ እውቅና ግን አለው። ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምረው ኮሌጅ ያለ ፈተና ይቀበለኝ ነበር። ግን ይታይ የሚባለው ባልደረባዬ እዚያ ተመርቆ፣ «ኮሌጁ እውቅና የለውም» ተብሎ ያው በድሮ ደረጃው ቀርቷል። ሁለተኛ ይታይ መሆን አልፈልግም።

የሚያሳስበኝ፦ እንግሊዝኛው። መንገዱ፣ ከዘነበ። ዕድሜዬም።

ማክሰኞ፣ ደብረ ማርቆስ
የጽሑፉ ደህና ነበር። የተግባሩን ባልጽፈው ደስ ይለኛል።

ወለሉ ላይ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ተጋድሟል። ፈታኟ ሲስተር ስመኝ «ከዛፍ ወድቆ ራሱን ስቷል፤ ጀምሪ» አሉኝ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ወደ በሩ ዞሬ «ተሸካሚ!» ብዬ ጮህኩ። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚደረገው ይኼ ነው፤ ሰው ወደ ማሳው ሳይበተን ካልተጠራ፣ በሽተኛውን በቃሬዛ መኪና እስከሚገባበት የሚያደርስ አይገኝም። ይባስ ብሎ በር ላይ የፈተና ተራ የሚጠብቁ ሁለት የገጠር ጤና ባለሙያዎች ዘለው ገቡ። አንዱ እግሩን፣ አንዱ ትከሻውን፣ እኔ ወገቡን። በሩ ጋ ስንደርስ ሲስተር ስመኝ «አስቀምጡት፤ ሞቷል» አሉ። «መተንፈሱን ማን አየ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ረቡዕ
ሳቁ አለቀ፣ ጥያቄው ቀረ። እኛ ተሸክመን ስንሮጥ መንገድ ላይ ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ። «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ሁሉም ቀኑ ደርሶ ነበር? አላውቅም።

እስከ ትናንት የፈለግሁት ደረጃውን ነበር። ዛሬ ትምህርቱን ራሱን ፈለግሁት፤ በሩን ደግሞ በገዛ እጄ ዘጋሁት።

ማምሻውን፦ በተግባር የወደቅን ነገ እንደገና እንድንፈተን ተፈቀደ! ተመስገን።

ሐሙስ
ተንበረከክሁ። መንጋጋውን ቀና አደረግሁ። ጆሮዬን አፉ ላይ፣ ዓይኔን ደረቱ ላይ። ሲስተር ስመኝ ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ጽሕፈታቸው ከትናንት ወዲያው ሳቅ ይልቅ አስፈራኝ።

ዓርብ
ካለፉት ጋር ስሜ ተለጥፏል። ሦስቴ አነበብሁት፤ የእኔው ነው። እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት አንቀላፉ። ሲያንኮራፉ ቆዩና ድንገት ጸጥ አሉ። ሳላስበው ጆሮዬን አፋቸው ላይ ደቅኜ ተገኘሁ። ነቅተው አፈጠጡብኝ።

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«መተንፈስዎን እያየሁ ነው አባባ።»

«ኧረ አለሁ!» ብለው ተመልሰው ተኙ። እኔ ግን እስከምወርድባት ከተማ እስከ ሮብ ገበያ ድረስ ዓይኔን ከደረታቸው አልነቀልሁም።