ቀኑን የረሳው ካሜራ

ጥቅምት 7

ዛሬም ባትሪው ከዳኝ። ጠዋት ሙሉ ነው ብሎኝ፣ ሃያ ስድስተኛው ፎቶ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ... ከዚያ ጭልም። የቢሮው ካሜራ ከኪስ አትበልጥም፣ ዕድሜዋ ግን ሳይበልጠኝ አይቀርም። ቻርጀሩ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ የመያዣ ቦርሳዋ ዚፕ ከተበላሸ ቆይቷል። የእኔ ሥራ ደግሞ ያለ እሷ አይሆንም። ከአሮጌው ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ጎን የአዲስ ሕንፃ መሠረት እየተቆፈረ ነው። በሳምንት ሁለቴ ወደ አሮጌው ሕንፃ ቤቶች እገባለሁ። የግድግዳው ስንጥቅ ላይ ማስመሪያ አስጠግቼ ፎቶ፣ ቁጥር፣ ቀን። ስንጥቅ ከሰፋ ቁፋሮው ይቆማል። ካልሰፋ ይቀጥላል።

ሦስተኛ ፎቅ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ቤት ስደርስ ነው የጨለመብኝ። ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ገና ሳትጀምሪ?"

"ባትሪ አለቀ፣ እትዬ።"

"እንደ እኔ ጉልበት ነው በያ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ይከዳል።"

ሳቅን። ደረጃውን ስወርድ ግን ሳቁ ጠፋ። የመኝታ ቤታቸውን ግድግዳ ሳላነሳ ወጣሁ።

ጥቅምት 8

ካሜራ ጠጋኙ ጋ። ሱቁ ሁለት ሰው አያስቀምጥም። ባትሪውን በጣቱ መዘነ።

"አርጅቷል፣ እህቴ። ይሞላል፣ ግን አይዝም።"

የስክሪኑን ብርሃን ቀንሺ አለኝ። ፍላሽ አታብዢ። ዙም ከማድረግ ተጠግተሽ አንሺ። ብርድ ከሆነ ትርፉን ባትሪ የውስጥ ኪስሽ ውስጥ ያዢው። ትርፍ ባትሪ አወጣልኝ።

"ኦሪጅናል ነው?"

"ኦሪጅናሉማ መመረት አቁሟል። ይሄ ያንን ይመስላል።"

ይመስላል... ቃሉ አልተዋጠልኝም። ገዛሁት።

ጥቅምት 12

የመኝታ ቤቱ ስንጥቅ ሦስት ሚሊ ሜትር። አዲሱ ባትሪ አርባ ፎቶ ያዘ፣ የቀረውን በአሮጌው ጨረስኩ።

መምህሩ ከኋላዬ ሆነው፣ "ሰፍቷል እንዴ?" አሉ።

"ገና ነው፣ ጋሼ።"

ለምን እንደዚያ አልኩ? ባለፈው ሳምንት ስንት እንደነበር አላውቅም። አላነሳሁትማ።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

አዲሱ ባትሪ አብጦ ካሜራው ውስጥ ተቀረቀረ። በጥፍሬ ስታገል ጥፍሬ ተሰበረ። በመጨረሻ ወጣ፣ ሆዱ እንደተነፋ። ጠጋኙ ወሰደው፣ ምትክ ግን የለውም። አሮጌውን ቤት ወስጄ ቻርጀር ላይ ሰካሁት። ካሜራዋ እስከ ሰኞ ባዶዋን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ።

ሁለት ቀን ሙሉ ምን አደርጋለሁ? ልብስ አጠብኩ። ያጠብኩትን ደገምኩ።

ጥቅምት 18

አምስት ሚሊ። በስድስት ቀን ሁለት ሚሊ!

እርግጠኛ ለመሆን ሦስቴ አነሳሁት። ቢሮ በሩጫ። አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝና፣ "ቁጭ ብለሽ አሁኑኑ ጻፊው" አለ። ጻፍኩ። ተላከ።

ጥቅምት 19

ስብሰባ። የሥራ ተቋራጩ መሐንዲስ ፎቶዬን ትልቁ ስክሪን ላይ ከፈተው።

"ይህ ፎቶ የተነሳው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው ይላል። ያኔ እዚህ ይሠሩ ነበር?"

ሰው ሳቀ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ባትሪው ሦስት ቀን ወጥቶ ሲቆይ የካሜራዋ ቀን ጠፍቷል። ትናንት ሳበራት ቀን አስገቢ ብላኛለች። ቸኩዬ ስለነበር ዘለልኩት።

አለቃዬ ያየኛል። ካሜራው ብልሽት አለበት ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። "ቀኑን አላስተካከልኩም። ስንጥቁ ግን አምስት ሚሊ ነው።"

"የአንዱ ቀን ውሸት ከሆነ የሌላውን በምን እናምናለን? ከዛሬ ጀምረው ይለኩ። ሲሰፋ እንነጋገራለን።"

ቁፋሮው ቀጠለ። እኔ ቀኑን በጥድፊያ ዘልዬ ነዋሪዎቹ እዚያ ይተኛሉ። መምህሩን ምን ብዬ ነው የማያቸው?

ጥቅምት 20

የስብሰባውን እንዳለ ነገርኳቸው። መምህሩ ሰምተው ተነሱ። ከዚያ የዕለቱን ጋዜጣ አምጥተው ከማስመሪያው አጠገብ ያዙልኝ። "ካሜራው ቢረሳ ጋዜጣው አይረሳም" አሉ። ቦታዋ እንዳይዛነፍ ካሜራዋን መጽሐፍ ደራርበን ላዩ ላይ አስቀመጥናት። በየሰዓቱ አንድ ፎቶ። በመሃል አሮጌው ባትሪ ወጥ ቤቱ ሶኬት ላይ፣ የካሜራዋን ቀንም ሁሌ አያለሁ። የቻርጀሩ መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ እስኪዞር ከወጥ ቤት መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት...

"ኧረ ተቀመጪ፣ ልጄ። ምንጣፌን ጨረስሽው" አሉ እትዬ።

ጥቅምት 21

አምስት ተኩል።

ጥቅምት 22

ስድስት። የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። ለአለቃዬ ደወልኩ፣ ራሱ መጣ። በሩን ሁለቴ ገፋው፣ አልሄደለትም። ማስመሪያውን አየ፣ ጋዜጣውን አየ። ስልኩን አወጣ። ከቀትር በፊት ቁፋሮው ቆመ። ነዋሪዎቹም ዛሬውኑ ይውጡ ተባለ።

ሁሉም ቤት ትርምስ። መያዝ የሚቻለው በእጅ የሚያዝ ብቻ። እትዬ ከወንበራቸው አልነሳም አሉ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩበትን ቤት በማስመሪያ ለክተሽ ልታስለቅቂኝ?"

ማስመሪያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። መምህሩ ክንዳቸውን ይዘው አስነሷቸው። ደረጃው ላይ እትዬ አንዴም ዞር ብለው አላዩኝም።

ጥቅምት 25

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የጎኑ ግድግዳ ተናደ። ከላይ እስከ ታች፣ ሦስተኛው ፎቅ መኝታ ቤት ጭምር። ውስጥ ሰው አልነበረም።

ሰው አልነበረም... ስንት ጊዜ ጻፍኩት? አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የማስበው ጥቅምት 12ን ነው። "ገና ነው፣ ጋሼ።"

ኅዳር 2

እትዬ ደወሉ። ከልጃቸው ቤት ናቸው። ሰላምታው አጭር ነበር።

"የቤቴ ፎቶ አንቺ ጋ አለ አሉኝ።"

"የስንጥቁ ነው፣ እትዬ።"

"ይሁን። የእኛዎቹ ከቁም ሳጥኑ ጋር ሄደዋል።"

ኅዳር 7

አለቃዬን አስፈቅጄ የቤታቸውን ፎቶዎች አርባ ሁለቱንም አሳትሜ ሄድኩ። ልጃቸው ሳሎኑን ለእናትና አባቷ ለቃላቸዋለች። አልጋው ሶፋው አጠገብ ተዘርግቷል። ፎቶዎቹን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ።

መሃሉ ላይ ያለውን ማስመሪያ አላዩትም። ስንጥቁንም። እሳቸው የሚያዩት ጠርዝ ጠርዙን ነው። የመጋረጃውን ጫፍ፣ የአልጋውን ራስጌ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለውን የመምህሩን ኮት። አንዱ ላይ መስታወቱ ውስጥ ራሳቸው አሉ፣ እጃቸውን በሽርጥ ሲጠርጉ። ያንን ሳነሳው አላየሁም ነበር።

"ያን ቀን መጋረጃውን አጥቤው ነበር" አሉ። ለመምህሩ ይሁን ለእኔ እንጃ።

"ጋሼ፣ ያኔ ገና ነው ያልኩዎት..." ብዬ ጀመርኩ።

መምህሩ በእጃቸው አቋረጡኝ። "ወጥተናል እኮ፣ ልጄ።"

እትዬ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ነካ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። አንድ በአንድ እያገላበጡ፣ ይሄ ምንድነው፣ ይሄስ የየት በኩል ነው እያሉ፣ አርባ ሁለተኛው ላይ ደረሱ።

"ከዚህ ቀጥሎ ያለውስ?"

"አለቀ፣ እትዬ።"

ፎቶዎቹን ጉልበታቸው ላይ ሰብስበው አስተካከሉና ገለበጧቸው።

"እንግዲያ ከመጀመሪያው እንየው።"

ከመጀመሪያው ጀመርን።