ለልብስ ሰፊው፣ ስለ ሦስተኛው መጽሐፌ

ውድ ጋሼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የኖረ ሰው ድንገት ብቅ ብሎ "እንደምን ከረሙ?" ማለት ያሳፍረዋል። ቢሆንም እንደምን ከረሙ? እኔ ነኝ፤ ከስፌት ቤትዎ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት ሚስዮናዊ፣ "አንተ ሰባኪ" እያሉ ይጠሩኝ የነበረው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ጸጉሬ ሸሽቷል፣ ሆዴ ቀድሞኝ ይሄዳል። ያኔ ያጠበቡልኝን ሱሪ ዛሬ ልልበስ ብል እርስዎ ራስዎ ሳቅ ይገድልዎት ነበር። ስለ ጤናዎ የነገረችኝ ልጅዎ ናት። "አባባ ደህና ነው፤ መቀስ አሁንም ከእጁ አይለይም፤ ክር ግን የማስገባለት እኔ ነኝ" ብላ ጻፈችልኝ። አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አለቀስኩ።

ቤቱ እንዳለ ይታየኛል። በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዎ ከሥር ሲንቀሳቀስ የእኔ ወለል አብሮ ይርገበገብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃውን ወርጄ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ያቺ እግሯ የተንጋደደ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እርስዎ ሜትርዎን አንገትዎ ላይ ጥለው፣ ስፒል በጥርስዎ ይዘው ያዳምጡኛል። አንድ ቀን የእሁዱን ስብከት ከዳር እስከ ዳር ካነበብኩልዎት በኋላ ስፒሉን አወጡና፣ "ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ግን ረዝሟል። ከታች ይቆረጥ" አሉኝ። ቆረጥኩት። በዚያ እሁድ ከምእመናኑ አንድም ሰው አላንቀላፋም።

ስለ እምነት ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ነገርኩዎት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ መልስዎ አንድ ነበር። "አባቶቼ የሰጡኝ ይበቃኛል። አንተ ግን ተናገር፣ ሥራው ይቀለኛል።"

ይሄን ሁሉ የማወራው ወደ ነገሩ ለመግባት ስለፈራሁ ነው። ልግባ።

በየወሩ ለላከችኝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ደብዳቤ እጽፍ ነበር፤ ምን እንደሠራሁ፣ ማን እንዳመነ፣ ስለ ምን እንዲጸልዩልኝ። ሦስት ዓመት "ዘሩ እየተዘራ ነው" ስል የሚስዮን ኮሚቴው ሳይሰለቸው አልቀረም። "ፍሬ ካልታየ ብትመለስ አይሻልም?" የሚል መልስ መጣልኝ። ልጅዎ የታመመችው በዚያው ሰሞን ነው። ደረጃውን እየሮጡ ወጥተው "ና ጸልይላት፤ የአንተም አምላክ ይስማ" አሉኝ። አልጋዋ አጠገብ ተንበርክከን ሁለታችንም አለቀስን። በሦስተኛው ቀን ተሻላት። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ከሥር የሚኖረው ልብስ ሰፊ ጌታን ተቀበለ" ብዬ ጻፍኩ። መመለስ አልፈለግኩም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከአራት ወር በኋላ ሦስት የኮሚቴ አባላት ሳይነግሩኝ መጡ። አንደኛው ቋንቋችሁን አቀላጥፎ ስለሚናገር እኔ እንዳስተረጉምላቸው እንኳ አላስፈለጋቸውም። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ወንድምዎ መስታወቱ ፊት ቆሞ ኮት ይለካል። ሰዎቹ "ወንድማችን" እያሉ አቀፉዎት። "ማመንህን ጽፎልን እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ እውነት ነው አይደል?" አለ አንደኛው። እርስዎ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፍዎ አውጥተው መሰኪያው ላይ ሰኩና "አዎ" አሉ።

ወንድምዎ እጅጌው ገና ያልተያያዘውን ኮት አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። በሩን ከፍቶ ወጣ።

እንግዶቹ ሲሄዱ "ለምን እንዲህ አሉ?" ብዬ ጠየቅኩዎት። "ጣራዬ ሥር ያለ ሰው ፊቴ ሲዋረድ ቆሜ ልይ? ተወው፣ ሆድ ይፍጀው" አሉኝ። ሆድ ግን አልፈጀውም። "የአባታችንን እምነት ለባዕድ ሸጠ" የሚለው ወሬ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተዳረሰ። ወንድምዎን ሊያስረዱት ቢሄዱ "በሰው ፊት አዎ ብለህ በጓዳ አይደለም ትለኛለህ?" ብሎ በሩን ዘጋብዎት። በማግስቱ ወደ እኔ ወጡ። "እኔን አያምነኝም። አንተ ሄደህ ንገረው፣ ካንተ አፍ ይስማው" አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለራስዎ የለመኑኝ ይሄን ብቻ ነው። "ነገ እሄዳለሁ" አልኩዎት።

ስድስት ዓመት ነገ አልኩ። ቤቱ እኮ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር። እሱ ካወቀ ከተማው ያውቃል፣ ከተማው ካወቀ ኮሚቴው ይሰማል ብዬ ፈራሁ። እርስዎም ዳግመኛ አላነሱትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ወንበሬን አልከለከሉኝም። ቢከለክሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ጉዴን ይስሙ። ጡረታ ስወጣ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆንኩ፤ መንፈሳዊ ልብ ወለድ። ሁለት አሳትሜያለሁ። በመጀመሪያው ሚስዮናዊው የሞላ ወንዝ በዋና ይሻገራል፤ በሁለተኛው አንድ ሙሉ የሽፍታ ጭፍራ ይማርካል። እኔ እዚያ ሳለሁ የተሻገርኩት ትልቁ ውኃ ደጃፍዎ ላይ ያለው የዝናብ ቦይ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ። አንባቢ ግን ያለቅስበታል፤ ምእመናን አስቁመው ፊርማ ይጠይቁኛል።

ሦስተኛው ስለ እርስዎ ነው። ደብዳቤውንም፣ "አዎ" ያሉበትንም ቀን ሳልደብቅ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ግን ወጣቱ ሚስዮናዊ በዚያው ምሽት በዝናብ እየሮጠ ወንድምየው ቤት ይሄዳል፣ እግሩ ሥር ይወድቃል፣ ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። አሳታሚው "እስከ ዛሬ ከጻፍከው ሁሉ ይሄ ይበልጣል" አለኝ። እኔም ስጽፈው የሄድኩ ያህል ቀሎኝ ነበር።

ባለቤቴ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ አነበበችው። ጨርሳ መነጽሯን አወለቀች።

"ለመሆኑ ሄደህ ነበር?"

"አልሄድኩም።"

"ታዲያ ይሄስ ሌላ የጸሎት ደብዳቤ አይደለም?"

ተናደድኩ። "ልብ ወለድ እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩባት። "መጽሐፉማ ልብ ወለድ ነው። ሰውየው ግን እዚያ አለ" አለችና ሰሃን ልታጥብ ተነሳች። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በሦስተኛው ቀን ለልጅዎ ጻፍኩ።

አጎቷ በሕይወት እንዳለ፣ እዚያው ቤት እንደሚኖር፣ እርስዎና እሱ መንገድ ላይ ስትገናኙ አንዳችሁ ወደ ማዶ እንደምትሻገሩ የነገረችኝ እሷ ናት። "ሁለቱም አሁን የሚሻገሩት በምርኩዝ ነው" ብላ ጨምራለች። ይሄን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም።

ከኮሚቴው በሕይወት የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ፊታቸው ቀርቤ ተናዘዝኩ። አንደኛው ጆሮው ስለማይሰማ ሁለተኛውን ጊዜ የተናዘዝኩት እየጮህኩ ነው። መጽሐፉንም ከአሳታሚው ተቀብዬ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀድጄዋለሁ።

ይቅርታዎን በዚህ ደብዳቤ ልለምን ጀምሬ ተውኩት። ወረቀት ላይ እኔ ምን ጊዜም ጎበዝ ነኝ፤ ይሄ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። እናም በመጪው ወር፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጉልበቴ እንደምንም ካደረሰኝ እመጣለሁ። ባለቤቴ ሐሳቤን እንዳልቀይር ሻንጣዬን ከአሁኑ አዘጋጅታ በር ላይ አቁማዋለች። ቅር አይበልዎት እንጂ መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ አልመጣም። ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወንድምዎ ቤት ነው የምሄደው። የአባቱን እምነት ለአንድ ቀን እንኳ ያልተወ ወንድም እንዳለው፣ የዋሸሁት እኔ እንደሆንኩ እነግረዋለሁ። ሊያባርረኝ ይችላል፤ ቢያባርረኝም አይፈረድበትም።

ከዚያ ወደ እርስዎ እመጣለሁ። ከእሱ ጋር ይሁን ብቻዬን አላውቅም፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ መጻፍ ደግሞ ትቻለሁ። ብቻ በሩ ሲንኳኳ ይክፈቱልኝ።

የወዳጅነትዎን ዕዳ ያልከፈለው፣
የፎቁ ተከራይዎ