ቦርከና በመዳፌ ላይ

ከሚሴ፣ መጋቢት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልማ ኢብራሂም
ጅግጅጋ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ፣ ዓይኔ።

«ላብ የተፈጥሮ ነው። የመዳፍን ላብ ማድረቅ ለውበት የሚደረግ ስለሆነ የጤና መድኑ አይሸፍነውም።»

የጤና መድኑ ለማመልከቻዬ የሰጠው መልስ ቃል በቃል ይኸው ነው፤ ማኅተምም አለው። እኔ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ ከጨፋ ማሽላ መሀል ተነሥቼ፣ ለውበት! እናትሽ አንብባ «ታዲያ ኩልም ይጨምሩልህ» አለችኝ።

የደሴው ሐኪም ሕመም ነው ብሎ ጽፏል። ሕክምናው እጅን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀላል ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ነው። ይግባኝ ብዬ ቅሬታ ሰሚዎቹ ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው የሰንበቴው ከብት ነጋዴ ሐጂ ሙህዲን ናቸው። እንደ ወጋችን ተጨባብጠን እጅ ተሳሳምን፤ እኔ ግን አልለቀቅኩም። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ በሬዎቻቸው፣ ስለ ዝናቡ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ላቡ እስከ ክርናቸው ወረደ።

«ያ ረቢ! ኢብራሂም፣ ይሄ እጅ ነው ወይስ የቦርከና ወንዝ?» ብለው በጋቢያቸው ጠረጉት።

«ውበት ነው፣ ሐጂ። መጥረግዎ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

ጸሐፊዋ ዘይና ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። አንዱ አባል ግን ኮስተር ብሎ «በላብ የሞተ ሰው አላውቅም» አለ።

«አንተ ልጅ ድረህ ታውቃለህ?» አሉት ሐጂ። «በኒካሕ የአባትና የሙሽራው እጅ ይያያዛል፤ ሸይኹ ሳይጨርሱ አይለቀቅም። ይሄ ሰው የትልቋ ልጁ የሳሚያ ኒካሕ ሲታሰር ወንድሙን አብዶን ወክሎ ጓዳ ተቀምጦ ነበር። አይቼዋለሁ።»

ይህን በማመልከቻዬ አልጻፍኩትም ነበር።

ተፈቀደልኝ፤ ታከምኩም። ደብዳቤዬን ሁሌ እናትሽ ነበረች የምትጽፍልኝ፤ ወረቀቱ ይርስብኝ ነበርና። ይኸኛውን ራሴ ጻፍኩት።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። በስልክ «አባ፣ አትቸገር፤ ለእኔም አጎቴ አብዶ ይወክልህ» ብለሻል። አዝነሽልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። በመድኑ ላይ ይግባኝ አልኩ፤ በአንቺ ላይ ለማን ልበል? አብዶ ወንድሜ ነው፤ ይምጣ፣ ይብላ፣ ይመርቅ፤ እጁን ግን ኪሱ ውስጥ ያኑር። ለእጮኛሽ ለጀሚልም ንገሪው፤ ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

እዚህ ላይ ቀለሙ የፈሰሰው በላብ እንዳይመስልሽ። ሕክምናው ሠርቷል።

ነገር ግን ድርቀቱ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሚቆይ ይደገማል፤ ቀጠሮዬን ከኒካሑ ቀን ጋር ማስማማት አለብኝ። ረመዳንም ግንቦት መጨረሻ ላይ ይገባል።

አላህ ትዳርሽን እንደ ጨፋ መስክ ያለምልመው። እናትሽ ረቢአ ሰላም ብላሻለች።

ስለዚህ አንደኛ የኒካሑን ቀን፣ ሁለተኛ ወኪል የማያስፈልግ መሆኑን፣ እስከ ሚያዝያ 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ እንድታሳውቂኝ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም።

አባትሽ
ኢብራሂም