የጋቢው ጫፍ

ኮልፌ፣ ረቡዕ ኅዳር 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ዛሬ አንድ ተማሪዬ በትምህርት ቤታችን ዘበኛ በአባባ ወልዴ ላይ የገጠመውን ቀልድ ክፍል ውስጥ አነበበ። ሁለተኛው ስንኝ አንድ ቀለም ጎድሎት ያነክስ ነበር። እኔ ሞኙ «ጫፍ» የምትል ቃል ጨምሬ አቃናሁትና ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፦

ሌባው ሊወጣ ሲል ለዘበኛው አዝኖ፣
ሄደ በጋቢው ጫፍ እግሩን ሸፋፍኖ።

ስድስት ስድስት ቀለም፣ የወል ቤት። ቤቱን የሚመታው በ«ኖ» ነው። የሚያስቀው ሌባው ለተኛው ዘበኛ ማዘኑ ነው ብዬ ምጸትን አስረዳሁ። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ኮራሁ።

በእረፍት ሰዓት ግቢው ሁሉ እያጨበጨበ ይዘፍነው ጀመር። ሳላቃናው በፊት እኮ ለዜማ አይመችም ነበር! ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው። ዳይሬክተሩ ሰሙና አባባ ወልዴን «ተኝተው ከተገኙ ይሰናበታሉ» አሏቸው። ሌባ እንኳን ገብቶ አያውቅም።

ስወጣ አባባ ወልዴ በር ላይ ያዙኝ። «መምህር፣ ግጥሟስ እኔንም አሳቀችኝ፤ በተለይ ያቺ የጋቢ ጫፍ። የልጅ ነገር አትመስልም። ማን ይሆን?»

«አጣራለሁ» አልኳቸው።

ማምሻውን ዳቦ ልገዛ በዚያ ሳልፍ፣ በዚህ ብርድ በሩ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል።