የኡኬ መንገድ ስንዴ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7፣ ከሥራ መልስ

አዴ ጫልቱ ዛሬም ድንጋይ ስትለቅም ዞሯት ተቀመጠች። ባሏ የሞተባት ጭሰኛ ናት፣ ልጆች አሏት። ቅዳሜ ቅዳሜ በደመወዝ ፋንታ የሥራዋን ስንዴ የምሰፍርላት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። እስቲ አንተ ደብተር ፍረድ፤ ቅዳሜ የተሰፈረለት ቤት ሰኞ እንዴት ይራባል? መሥሪያ ቤቱ የኡኬን መንገድ ሥራ የከፈተው ድኻው ሠርቶ እንዲበላ ነው። ሠርቷል። አልበላም። መሀል ላይ ሌባ አለ።

ማታ ነቀምቴ ገባሁ። የማድረው አክስቴ ወ/ሮ አስካለ ቤት ነው። ለእራት ድፎ ዳቦ። በበቆሎ አገር የስንዴ ዳቦ! ጌታ ይባርካት። ስለ ጫልቱ ነገርኳት። ጭሰኛ እህል ካገኘ ይጠጣዋል አለች። ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

ስንዴውን ከሠራተኞቹ የሚገዛው የመንደሩ ባለሱቅ ነው ብዬ ጓዳው ድረስ ገባሁ። ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና። አንዲት ፍሬ ስንዴ የለም። ተቆጣ፤ ጉራጌ ስለሆንኩ ነው ወይ የምትበረብረኝ አለ። አፈርኩ። ቢሆንም የግምጃ ቤቱን ዘበኛ ሳየው ጉንጩ ሞላ ያለ መሰለኝ። ይሄ ያስጠረጥራል? ያስጠረጥራል። እንዲህ ከቀጠልኩ ነገ መስፈሪያውንም እጠረጥራለሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12፣ ከሰዓት በኋላ



ሰፍሬ እንደጨረስኩ ጫልቱንና ሌሎቹን ሴት ሠራተኞች ከሩቅ ተከተልኳቸው። ወደ ገበያ አልታጠፉም። ከአንድ ዋርካ ሥር አንድ ሰው ቁና ይዞ ተቀምጧል። በየተራ ሸክማቸውን ያወርዳሉ፣ ከሦስት አንዱን ወደ ራሱ ይሰፍራል፣ ይሄዳሉ። ጭቅጭቅ የለም፣ ልክ እንደ አውድማ።

ዘልዬ ገባሁ። ሌባ አልኩት። ሰውየው ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። የባለመሬቷ ወኪል ነው። ጭሰኛ ቤት እህል ከገባ ሲሶው የባለመሬት ነው፣ የአገር ደንብ ነው አለ። ይሄ ከመሬቷ የበቀለ ሳይሆን በአካፋ የተሠራበት ነው ብዬ ጮኽኩ። እህል እህል ነው አለኝ፣ በትሕትና።

ወደ ጫልቱ ዞርኩ። ለምን አልነገርሽኝም?

«ያ ጎፍታ፣ ጌታዬ፣ እርስዎ የሚያውቁ መስሎን ነው» አለች፤ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ባለመሬቷ ማን ናት? ወኪሉ እየቀለድኩበት መሰለው። «አክስትዎ ናቸዋ፤ ወ/ሮ አስካለ።»

መሬት እንዳላት አውቅ ነበር። የት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ያ ድፎ ዳቦ።

ስመለስ ጫልቱ መንገድ ላይ ደረሰችብኝ። እባክዎ አይናገሩብን አለችኝ፤ ሲሶውን ብንከለክል ከመሬቱ ይነቅሉናል፣ ልጆቼን ይዤ ወዴት እገባለሁ። ቃል ሰጠኋት። ምን ዐይነት ቃል እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 13

ስለ እነ ጫልቱ ትንፍሽ ሳልል አክስቴን ዙሪያውን ጠየቅኳት። አልደበቀችም፣ አላፈረችምም። ዘንድሮ የስንዴውን ብምር ለከርሞ የበቆሎውን ይከለክሉኛል፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው አለች። እንደ እናት ያሳደገችኝ ሴት ናት። ጠላኋት። ወዲያው ደግሞ አሳዘነችኝ።

ተናድጄ፣ ጋግረው ቢበሉስ ከዳቧቸውም ሲሶ ትወስጃለሽ? አልኳት። ክብሯ ተነካ።

«እኔ ለማኝ ነኝ እንዴ? ሲሶ ከእህል ነው! ከዱቄት፣ ከእንጀራ ሲሶ የሚወስድ ባለመሬት የት አየህ?»

ሳይታወቃት መላውን ነገረችኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14፣ ጠዋት

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ስንዴ ገና ግምጃ ቤት ነው፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ። ከዛሬ ጀምሮ ይፈጫል፣ ማስፈጫው ከደመወዜ። ለሠራተኛው የሚሰፈረው ዱቄት ነው። ጫልቱ ሲሶ አልከለከለችም፣ የሚሰፈር እህል የላትም፤ በደንቡ አይነቅሏትም። አለቃዬን አላስፈቀድኩም። ይከለክለኝ ይሆናል፤ እሱም መሬት አለው ይባላል፣ የት እንደሆነ ግን አጣራለሁ።

አክስቴ ቅዳሜ ማታ ትሰማለች። ማን እንዳስፈጨው አይጠፋትም። አልጋ የሚያከራይ ቤት አግኝቻለሁ፣ ልብሴን ሸክፌአለሁ።

ቁርስ አቀረበችልኝ። ዳቦ። ምነው ልጄ አትበላም አለች።

አልራበኝም አልኳት። ርቦኝ ነበር።