በእምየ ጓሮ የተቀበረው ቱቦ

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 4 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለእንዳላማው፤
ጁባ

ወንድሜ እንዳላማው፣ ሰላምታየ ካለህበት ይድረስህ። ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደኅና ነኝ» ማለት ወግ ነው። እኔ ግን ደኅና አይደለሁም፤ ለአንተ ደግሞ ከእንግዲህ አልዋሽም። ስልክህን ስንት ጊዜ ሞከርሁ። አንድ ቀን አንሥተህ ድምፄን ስትሰማ ዘጋኸው። አልተቀየምሁህም፤ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም እዘጋው ነበር። ይህን የሚያደርስልህ ድረስ ነው፤ ያ ከአማኑኤል እናንተ አገር እየተመላለሰ በርበሬ የሚነግደው። እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ በሚካኤል አስምየዋለሁ።

እምየ ታማለች። ሳንባዋ ነው። እዚህ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ አምጥቸ አሳይቻት ነበር። ሐኪሙ የደረቷን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና «እናትህ ሲጋራ ታጨሳለች?» ብሎ ጠየቀኝ። «አታጨስም፤ ኩበት ነው የምታነደው» አልሁት። «አንተ ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። የንጹሕ ኢነርጂ ባለሙያ ነኝ ብየ በየት አፌ ልንገረው? «ወደ ቤቷ ውሰዳት፤ ጭስ እንዳይደርስባት» አለኝና ወሰድኋት። ተስፋ ቢኖራት ኖሮ ውሰዳት አይለኝም ነበር።

አሁን የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንዳላማውን ጥሩልኝ። በአፌ ያሰርሁትን በአፌ ሳልፈታ አልሙት» ትላለች። ጧት ትጠይቀኛለች፣ ማታ ትጠይቀኛለች። እህል አትቀምስም፤ ስምህን ስትጠራ ብቻ ነው ቀና የምትለው። ስለዚህ ና። ለኔ ብለህ አይደለም፤ ለእሷ ብለህ ና።

ከዚህ በታች ያለውን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። «ምን ይነግረኛል ይኼ» ትል ይሆናል። የምጽፈው በኔ እጅ ተጽፎ እንዲገኝ ነው። ስንት ሪፖርት ጽፌ ስለዚህ ነገር አንድም መስመር ሳልጽፍ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈኝ።

አባባ በሞተ በስምንተኛው ወር፣ 2003 ጥቅምት ላይ፣ እምየ ጓሮ ያንን የባዮጋዝ ጉድጓድ አንተ ገነባህ፣ እኔ ባለሙያ ነኝ ብየ ቆሜ አሠራሁህ። ለቀበሌው የመጀመሪያው ነበር። የእምየ የነፍስ አባት መሪጌታ አምደሚካኤል መጥተው ዞረው ዞረው አዩትና «እበት አይደል? በኩበት ስናበስል ኖረን በእበት ትንፋሽ ብናበስል ምን ይለየዋል» ብለው ጸበል ረጩልን። እምየ ሰማያዊዋን እሳት አይታ እንዴት እንደሳቀች ታስታውሳለህ? «ይቺ ደግሞ ጭስ የላትም። እንግዲህ አባታችሁን ሳስብ ምን አሳብቤ ላልቅስ?» አለችን። እኔ ሁለት ዓመት በስብሰባ ለፍልፌ አንድ ሰው ያላሳመንሁትን እሷ በጥቂት ወር ሠላሳ ቤት አስቆፈረች። «ልጄ ያመጣው ነው፣ ክፉ አያመጣብኝም» እያለች ነው ያስቆፈረችው። ሁሉንም የገነባኸው አንተ ነህ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ፕሮጀክቱ ሽንት ቤት ያልተገናኘበትን ጉድጓድ እንዳለቀ አይቆጥረውም ነበር። ቅጹ ላይ አንዲት ሣጥን አለች፤ «መጸዳጃ ቤቱ ተገናኝቷል» የምትል። እኔ ደግሞ በሩብ ዓመቱ አንድ እንኳ ያለቀ ጉድጓድ ማሳየት ነበረብኝ። በዚያ ላይ ጥቁሯ ላም ሞታ ጋዙ ቀንሷል፣ የአባባ ሙት ዓመትም ደርሷል። የተዝካሩ ወጥ መሀል ላይ እሳቱ ቢጠፋ የአገር መሳቂያ መሆኔ ነው ብየ ፈራሁ። ለምን እንዳደረግሁት ስትጠይቀኝ የምመልስልህ ይህን ነው። ሌላ ትልቅ ምክንያት የለኝም።

እምየ አምበር ገበያ የዋለች ዕለት ቱቦውን ቀበርነው። አንተ ዶማውን አቁመህ «መጀመሪያ ንገራት» አልኸኝ። «እሳት እሳት ነው፣ ሳይንስ ነው። ደግሞ እነግራታለሁ፣ ቆይ» አልሁህ። ጥቂት ቆፈርህና እንደገና ቆምህ። «ደምለው፣ ካህናት የሚቀምሱት ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ሳያውቅ አይበላም፤ ንገራት» አልኸኝ። ተቆጣሁህ። «አንተ ግንበኛ ነህ፤ ገንባ» አልሁህ። በአንድ ትሪ አብሮኝ ላደገ ወንድሜ ይህን ቃል ተናገርሁ። አንተ አፈሩን መልሰህ ደለደልህ፣ ሣሩን ከነአፈሩ አምጥተህ ከላይ ተከልህበት። እኔ እጄን ታጠብሁና ሣጥኗ ላይ ምልክት አደረግሁ።

ሳልነግራት ተዝካሩ ወጣ። ካህናቱ በሉ፣ ዘመድ በላ፣ የኔ ቢጤው በላ። እሳቱም አልጠፋም። «አየህ፣ ቀኑን ሙሉ ነደደልኝ» ብላ እምየ ትከሻየን መታ መታ አደረገችኝ። ያን ቀን ልነግራት ይገባ ነበር። በማግሥቱም ይገባ ነበር።

ግንቦት ላይ ያቺ ሂዊ የምትባል ልጅ ከክልል ቢሮ ለጉብኝት መጣች። በእሷ አልፈርድም፤ ቅን ልጅ ናት፣ የጻፍሁትን አንብባ ያመነች። ሴቶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ መሪጌታ በተቀመጡበት፣ ወረቀቷን ይዛ «ወይዘሮ አሰገደች የመጸዳጃ ቤታቸውን ቱቦ በፈቃዳቸው አገናኝተው ለሌሎቻችሁ ምሳሌ ሆነዋል፤ እናጨብጭብላቸው» አለች። ብቻዋን አጨበጨበች። እምየ መጀመሪያ አልገባትም፤ ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ የሰውን ፊት አየች። መሪጌታን አየች። ወደኔ ዞራ «ደምለው፣ ምንድን ነው የምትለው?» አለችኝ።

እዚያ ላይ አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። እኔ ግን «እኔ አላዘዝሁም፤ ግንበኛው ነው» አልሁ። ስምህን እንኳ አልጠራሁትም። አንተ አየኸኝ። ብትናገር ያምኑህ ነበር፤ ቱቦው ከመጋዘን የወጣበት ፊርማ የኔ ነው። ግን እኔን አየህ፣ እሷን አየህ፣ ባርኔጣህን አውልቀህ ዝም አልህ። ለምን ዝም እንዳልህ አውቃለሁ። በሆዷ የተሸከመችው ልጅ ከሚሆንባት ያሳደገችው ቢሆንባት ይቀላታል ብለህ ነው። አልቀላትም። እናትህ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ፣ ከአምስት ዓመትህ ጀምሮ እኩል ቆርሳ ያበላችን ሴት እንዴት ይቀላታል?

ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ወደ ሚካኤል ዞረች፣ «ይህን ያደረገ እጅ አይባረክ። የዘራው አይብቀል፣ የገነባው አይቁም» አለች። ሴቶቹ «አሜን» አሉ። እኔም አሜን አልሁ። ከጎንህ ነበርሁ፣ ሰምተኸኛል። እጁን ነው የረገመችው፤ ስም አልጠራችም። የረገመችው የኔን እጅ እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነበርን።

አንተ በሳምንቱ ሄድህ፤ በአገሩ ግንብ የሚያሠራህ ጠፋ። ሠላሳ አንዱም ቤት የጋዙን መክፈቻ ዘጋ። ሌሎቹ ጓሮዎች ንጹሕ እንደሆኑ ምየ ነገርኋቸው፤ ማን ይስማኝ። ጉድጓዶቹ አሁን ዝናብ ገብቶባቸው እንቁራሪት ይጮኽባቸዋል። ሴቶቹ ወደ ኩበታቸው ተመለሱ፣ የባሕር ዛፉም በየዓመቱ እያነሰ ነው። እኔ ሪፖርቴ ላይ እስካሁን «በሥራ ላይ ያሉ፦ 31» እላለሁ። ለዚህ ሥራየ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ወደ ዞንም አሳደጉኝ።

አሁን ምን እንደማስተምር ታውቃለህ? «የማኅበረሰብን አመኔታ ማግኘት» የሚል ሥልጠና አለ፤ እሱን ነው። ዐይኔን በጨው አጥቤ ሰሌዳ ፊት እቆማለሁ። ባለፈው ሳምንት መሳፍንት የሚባል አዲስ ባለሙያ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ባለቤቶቹ እምቢ ቢሉስ?» አለኝ። «እውነቱን ንገራቸውና ለራሳቸው ተውላቸው» አልሁት። ደብተሩ ላይ ጻፈው።

እምየን የጎዳት ራሷ በራሷ ላይ የጣለችው ቅጣት ነው። መሪጌታ እንኳ አልከበዱባትም፤ «ሳያውቁ የሠሩት ነው፣ ሳምንት ይስገዱ፣ ይበቃዎታል» ነው ያሏት። እሷ ግን አልበቃትም። «ከእንግዲህ ከኔ እጅ ማን ይቀምሳል» ብላ ጽዋ ማኅበሯን ተወች። ምድጃዋን መስኮት የሌለው ጓዳ ውስጥ አስገባችና በሩን እየዘጋች ኩበት ታነድ ጀመር። ጭስ ማውጫ ልሥራልሽ አልኋት። «አንተ ደግሞ ሌላ መሣሪያ አታምጣብኝ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲያ ታጠነች።

ልነግራት ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ትናንት፣ እሑድ፣ «እምየ፣ ያ የቱቦው ነገር» ብየ ስጀምር እጄን ያዘችኝ። «ተወው ልጄ። አንተ ባትኖርልኝ ምን እሆን ነበር?» አለችኝ። ሆድ ይፍጀው ብየ ተውሁት። አንተ ስትመጣ ግን በአንተ ፊት እናገራለሁ። አንድ ጊዜ ፊትህ ቆሜ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም።

ጥቅምት 17 ቀን

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ድረስ መንገዱን ስላዘገየው ደብዳቤው ከኔ ዘንድ ከረመ። እንዳላማው፣ እምየ ሐሙስ ዕለት ዐረፈች። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ጧት በር አንኳኩቶ፣ ሰው ሰብስቦ የሚያረዳህ ዘመድ እዚያ ብፈልግልህ አጣሁ። ብቻህን ሆነህ እያነበብኸው ከሆነ ይቅር በለኝ።

ሐሙስ ጧት ከማርቆስ እቤቷ ስደርስ መሪጌታ ከራስጌዋ ነበሩ። «እንዳላማው መጣ?» አለችኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልኋት። ይህ ደብዳቤ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር። ወደ መሪጌታ ዞራ «አባቴ፣ ሰውየው በሌለበት ወንድሙ ሊቀበልለት ይችላል?» አለቻቸው። «በፍቅር ከሆነ ይችላል» አሏት። «ና ደምለው፤ በእሱ ፈንታ እጅህን ስጠኝ» አለችኝ።

ቀኝ እጄን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ እፍ ልትልበት ፈለገች፤ ትንፋሽ አጥሯት ሁለቴ አቋረጣት፣ በሦስተኛው ቻለች። «እንዳላማው ልጄ፣ ፈትቸሃለሁ። እጅህ ይባረክ። የዘራኸው ይብቀል፣ የገነባኸው ይቁም» አለች። ቱቦውን ከመጋዘን የፈረመው፣ ሣጥኗ ላይ ምልክት ያደረገው እጅ በእጇ ውስጥ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትሁ። መሪጌታ «አሜን በል እንጂ» አሉኝ። አሜን አልሁ። ሳይመሽ ዐረፈች።

እርግማኔን ሁለት ዓመት ተኩል አንተ ተሸከምህልኝ፤ ምርቃትህን ደግሞ እኔ ተቀበልሁት። ስምህን ጠርታ ነው የመረቀችው፤ ያንተ ነው፣ አልነካውም። በምን እንደምልክልህ ግን አላውቅም።

ከቀብር ስንመለስ ዶማ ይዠ ጓሮ ወጣሁ፤ ያንን ቱቦ ነቅየ ልጥለው። የት እንደቀበርነው አጣሁት። ሣሩ ጸድቆ፣ አፈሩ ተኝቶ፣ ምልክት የለውም። ሦስት ቦታ ቆፈርሁ። ለቀስተኞቹ ልቡ ተነካ እያሉ ያዩኝ ነበር።

አርባዋ ኅዳር 23 ነው፤ የነቢያት ጾም ገብቶ ይሆናል። ወጡን ሴቶቹ በእንጨት ይሠሩታል። በዚያ ቀን ተነሥቸ በሕዝቡ ፊት እናገራለሁ ብየ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። አልጽፍም፤ ታውቀኛለህ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጠብቀው። መጻፍ ያስተማሩኝ መሪጌታ ናቸው፤ የእጅ ጽሕፈቴን አይስቱትም። መምጣት ከቻልህ ይዘኸው ናና ስጣቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ያንብቡት። መምጣት ካልቻልህ በድረስ መልሰህ ላክላቸው። እኔ እዚያው እቀመጣለሁ፤ አልሸሽም። አየህ፣ ይኸንንም ሸክም ዞሬ አንተው ላይ ጣልሁት።

እምየ የተሳለችልህ ሁሉ ይድረስልህ። ሰው አገር ላይ ጉልበትህ አይዛል፣ ክፉ አይይህ። የኔን ምርቃት አትፈልገውም፤ የእሷን ግን አደራህን ውሰደው። የገነባኸው ይቁም ብላሃለች።

ወንድምህ፣ ከፈቀድህልኝ፣
ደምለው